ኪኒን፦ ከአንዴስ ተራሮች እስከ ቤታችን የመጣ ቃል

ሰው ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ በቤቱ ሲያድር ስሙንና አገሩን ይጠይቃል። ከሩቅ አገር መጥቶ በቋንቋችን ውስጥ ያደረውን ቃል ግን ማንም አይጠይቀውም፤ አብሮን ስለ ቆየ ከእኛው ጋራ የተወለደ ይመስለናል። እኛ ተማሪዎች በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ታሪክ ለመጻፍ በቻልን ነበር። ነገር ግን አንባቢዎቻችን ሁሉ፥ ወላጆቻችንም መምህራኖቻችንም፥ በየቀኑ የሚጠሩትን አንድ ትንሽ ቃል ይዘን ታሪኩን እስከ ሥሩ ብንከተለው ይሻላል ብለን አሰብን። ቃሉም «ኪኒን» ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቃሉ በቤታችን

እናታችን ራሷን ሲያማት «እስቲ አንድ ኪኒን አምጡልኝ» ትላለች። ሐኪም ቤት ሄዶ የተመለሰ ጎረቤት «መርፌ ነው ወይስ ኪኒን የሰጡህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መድኃኒት ሻጩ «ጧት አንድ፥ ማታ አንድ፥ ከምግብ በኋላ» እያለ ኪኒኑን ቆጥሮ ይሰጣል። የራስ ምታት ኪኒን፥ የትል ኪኒን፥ የደም ግፊት ኪኒን እንላለን። ሕፃን አልውጥም ብሎ ሲያለቅስ ኪኒኑ ተፈጭቶ በስኳር ይሰጠዋል። አንዳንዱ ጸሐፊ «ኪኒን»፥ ሌላው «ክኒን» ብሎ ይጽፈዋል፤ ትርጉሙ ግን አንድ ነው። ይኸውም ከዱቄት ተጠፍጥፎ ተሠርቶ የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ ማለት ነው።

አሁን ይህንኑ ቃል ወደ ፈረንሳይ አገር ይዘን ብንሄድ አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመናል። ፈረንሳዊው «ኪኒን» ስንለው ቃሉን ወዲያው ያውቀዋል፤ በእርሱም ቋንቋ የሚነበበው እንደኛው ነውና። የሚታሰበው ግን የራስ ምታት መድኃኒት አይደለም። በፈረንሳይኛም፥ በእንግሊዝኛም፥ በኢጣሊያንኛም ይህ ቃል በልዩ ልዩ አነጋገር የሚጠራው አንድ የታወቀ መድኃኒት ብቻ ነው። እርሱም ከአንድ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ፥ እጅግ መራራ የሆነ፥ የወባ መድኃኒት ነው። ሁለቱ እንዳይደባለቁ ከዚህ በኋላ ይህን ጥንታዊ መድኃኒት «የቅርፊቱ ኪኒን» እንለዋለን።

እንግዲህ የአንዱ መድኃኒት ስም እንዴት የሁሉ መድኃኒት ስም ሆነ? ቃሉስ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ በፊት የማን ነበር? ይህን ለመመለስ ውቅያኖስ መሻገር ያስፈልገናል።

የቃሉ አገር

በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የአንዴስ ተራሮች ከሰሜን እስከ ደቡብ እንደ ግንብ ተዘርግተው ይገኛሉ። በዚህ ተራራማ አገር ኢንካ የሚባሉ ነገሥታት በ15ኛው መቶ ዓመት ታላቅ መንግሥት አቋቁመው ነበር። ዋና ከተማቸው ኩዝኮ ነበረች፤ መንግሥታቸውንም «ታዋንቲንሱዩ» ይሉት ነበር፤ ትርጓሜው አራቱ ክፍላተ ሀገር በአንድነት ማለት ነው። ፊደል ባይኖራቸውም የግብሩንና የሕዝቡን ቁጥር ኪፑ በሚባል በተቋጠረ ገመድ ይመዘግቡ ነበር። ቋንቋቸው ዛሬ ኬችዋ ይባላል። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ግን «ሩና ሲሚ» ይሉታል፤ የሰው አንደበት ማለት ነው።

የእስፓኝ ሰዎች በፍራንሲስኮ ፒሳሮ አዝማችነት መጥተው በኅዳር ወር 1532 ንጉሡን አታሁዋልፓን ካሃማርካ በተባለች ከተማ ያዙት፤ በማግሥቱም ዓመት ገደሉት። ከዚያ ወዲያ አገሩም ሕዝቡም በእስፓኝ እጅ ወደቀ። ቋንቋው ግን አልወደቀም። የካህናቱ ስብከት እንኳ በኬችዋ ይደረግ ስለ ነበር ጥቂት ቆይቶ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ተጻፈለት፤ የመጀመሪያው በ1560 ታተመ። ኋላ ግን የእስፓኝ ንጉሥ ካርሎስ ሣልሳዊ በ1770 በግዛቱ ሁሉ እስፓኝኛ ብቻ እንዲነገር አዘዘ። ዳግማዊ ቱፓክ አማሩ የተባለው የአገሩ ተወላጅ ባላባት በ1780 በገዥዎቹ ላይ ተነሥቶ በ1781 በኩዝኮ አደባባይ በጭካኔ ከተገደለ በኋላም፥ ሕዝቡ የአባቶቹን ልብስ እንዳይለብስና ቋንቋውን ትቶ እስፓኝኛ እንዲማር ተፈረደበት።

በዚያው ዘመን በሎንዶን፥ በፓሪስና በሮማ የነበሩ ሐኪሞች ለበሽተኞቻቸው ማዘዣ ሲጽፉ ከኬችዋ የመጣ ቃል ይጽፉ ነበር። በአገሩ እንዳይነገር የተፈረደበት ቋንቋ በዓለም ሁሉ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይነገር ነበር ማለት ነው።

ያ ቃል «ኪና» ይባላል። የቃላት ሊቃውንት ወደ ኬችዋ ቋንቋ መልሰው «ቅርፊት» ብለው ይተረጕሙታል። ሲደጋገም «ኪናኪና» ይሆናል፤ እኛ ከነገሥታት ሁሉ የበለጠውን «ንጉሠ ነገሥት» እንደምንለው፥ ከቅርፊት ሁሉ የበለጠ ቅርፊት ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ላ ኮንዳሚን በ1737 ዛፉን ለማየት ሎኻ ወደምትባለው ቦታ፥ ዛሬ ኢኳዶር ወደሚባለው አገር፥ ሄዶ ነበር። እርሱ እንደ ጻፈው ኪናኪና መጀመሪያ የሌላ ዛፍ ስም ነበረ። የዚያም ዛፍ ቅርፊት ለትኩሳት ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን የሎኻው ዛፍ ቅርፊት በልጦ ስለ ተገኘ ስሙን ወረሰው። ከዚህ የምናስተውለው ቃሉ ገና ከአገሩ ሳይወጣ አንድ ጊዜ ትርጉሙን መለወጡን ነው። ወደፊት እንደምናየው ይህ የመጨረሻው አይደለም።

ዛፉ

ዛፉ ቅጠሉ የማይረግፍ፥ አበባው መልካም መዓዛ ያለው ነው። የሚበቅለው በአንዴስ ተራሮች ጭጋግና ዝናም በማይለየው ገደላገደል፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ከእኛ ቡና ጋራ በአንድ ቤተሰብ ይቈጥሩታል። ቅርፊት ለቃሚዎች ወደ ጫካው ገብተው ዛፉን ፈልገው ቅርፊቱን ይልጡታል፤ ብዙ ጊዜም ዛፉን ቆርጠው ይጥሉታል። የተላጠው ቅርፊት በፀሐይ ሲደርቅ እንደ ቀረፋ ይጠቀለላል። ከዚያም ተወቅጦ ዱቄት ይሆናል።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስቡት ገዳዩ ወባ በአሜሪካ አልነበረም፤ ከ1492 በኋላ ከአውሮፓና ከአፍሪካ በመጡ መርከቦች ተሻገረ። የተራራው ሰዎች ግን ቅርፊቱን ለብርድና ለትኩሳት ያውቁት ነበር። ድል አድራጊዎቹ በሽታውን አመጡ፤ ድል የሆነው ሕዝብ አገር መድኃኒቱን ሰጠ።

የባሕር ማዶ ጉዞ

አንቶኒዮ ዴ ላ ካላንቻ የተባለ መነኵሴ በ1638 በታተመ መጽሐፉ በሎኻ አጠገብ የትኩሳት ዛፍ የሚሉት ዛፍ እንደሚበቅል፥ ቅርፊቱም ተፈጭቶ በመጠጥ ሲሰጥ ትኩሳትን እንደሚያድን ገልጿል። በሊማ የነበሩት ኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች ቅርፊቱን ወደ ሮማ መላክ የጀመሩት በዚሁ ዘመን ነው። ይህ ማኅበር ለእኛ ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ዐፄ ፋሲል ከኢትዮጵያ ያስወጧቸው እነዚሁ ኢየሱሳውያን ናቸው፤ ጊዜውም ያው 1630ዎቹ ነበረ። በሮማ ካርዲናል ኹዋን ዴ ሉጎ ዱቄቱን ለድኾች በነጻ ያድል ነበር። ስለዚህ ሰዎች «የኢየሱሳውያን ዱቄት» አሉት። ስሙ ግን ጠላት አፈራበት፤ በፕሮቴስታንቶች አገር ብዙ ሰዎች የካቶሊኮች ተንኰል ነው ብለው ሸሹት።

ሮበርት ታልቦር የተባለ እንግሊዛዊ በዚህ ጥርጣሬ ተጠቅሞ ባለጸጋ ሆነ። እርሱ የኢየሱሳውያንን ዱቄት በአደባባይ እየነቀፈ የራሱን ምስጢራዊ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። የእንግሊዙን ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስን፥ የፈረንሳዩንም አልጋ ወራሽ ከትኩሳት አዳነ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ምስጢሩን በብዙ ገንዘብ ገዝቶ፥ ታልቦር በ1681 ከሞተ በኋላ ሲያሳትመው፥ መድኃኒቱ ያው ሲነቀፍ የነበረው ቅርፊት በወይን ጠጅ ተዘፍዝፎ ሆኖ ተገኘ።

ሌላም ተረት ነበረ። የፔሩ እንደራሴ ሚስት የቺንቾን ባላባት እመቤት በትኩሳት ታማ በቅርፊቱ ዳነች፤ ወደ አውሮፓም ያመጣችው እርሷ ናት እየተባለ ከ1663 ጀምሮ ይተረክ ነበር። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ ይህን አምኖ በ1742 ለዛፉ «ሲንኮና» የሚል ስም አወጣለት፤ የእመቤቲቱን ስም ለመጻፍ ፈልጎ አንድ ፊደል ገድፎበታል። በ20ኛው መቶ ዓመት የባልዋ የዕለት ማስታወሻ ሲመረመር ግን ነገሩ ተረት ሆኖ ተገኘ፤ እመቤቲቱ በቅርፊቱ አልዳነችም፤ ወደ አገሯ ስትመለስም በመንገድ ካርታኼና ላይ ሞታለች። እንግዲህ ዛፉ እስከ ዛሬ በዓለም መጻሕፍት የሚጠራው ላላዳነው ሰው መታሰቢያ በተሰጠ፥ ያውም በተሳሳተ ስም ነው። ያወቁት ሰዎች ያወጡለት ስም የቀረው በመድኃኒቱ ላይ ብቻ ነው።

ይህም የሆነው በ1820 ነው። ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በፓሪስ ከቅርፊቱ ውስጥ የሚያድነውን ነገር ለይተው አወጡ፤ ኪና ከሚለውም ቃል «ኪኒን» ብለው ሰየሙት። ቃሉ ሁለተኛ ጊዜ ትርጉሙን ለወጠ፤ ቀድሞ ቅርፊት ነበረ፥ አሁን ከቅርፊት የወጣ ነጭ ዱቄት ሆነ። ከዚያ ወዲያ የመድኃኒቱን መጠን በትክክል መዝኖ መስጠት ተቻለ።

ልብ እንበል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የወባን ምክንያት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን የወባውን ተባይ በሰው ደም ውስጥ ያየው በ1880 በአልጄሪያ ነው። ሮናልድ ሮስ በ1897 በሕንድ አገር ተባዩን በወባ ትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። ተባዩ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተቀምጦ ደሙን ሲመገብ ለራሱ መርዝ የሚሆን ትርፍ ይቀራል። ይህን መርዝ አርክሶ ይኖራል። የቅርፊቱ ኪኒን ይህን ማርከሻውን እንደሚያበላሽበት ሊቃውንት ያስረዳሉ።

ይሁን እንጂ መድኃኒት በማን እጅ እንዳለ ማየትም ታሪክ ነው። በ1854 የእንግሊዙ ሐኪም ቤይኪ በኒጀር ወንዝ ሽቅብ ሲጓዝ ሰዎቹ ኪኒን በየቀኑ ስለ ወሰዱ አንድም ሰው በትኩሳት አልሞተበትም። ከዚያ በፊት ወደ አፍሪካ ውስጥ የገቡት አውሮፓውያን እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ከዚህ በኋላ የወራሪው ጦር በጓዙ ውስጥ ኪኒን ይዞ ዘመተ። ድል ከሆነ ሕዝብ የተገኘው መድኃኒት ሌሎችን ሕዝቦች ድል ለማድረግ አገለገለ።

ማኑዌል ኢንክራ ማማኒ

ከዚህ ታሪክ ሁሉ ውስጥ ልባችንን ይበልጥ የነካው የአንድ ቦሊቪያዊ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ማኑዌል ኢንክራ ማማኒ ይባላል። የአገሩ ተወላጅ ሕዝብ ልጅ ሲሆን፥ ቻርልስ ሌጀር ለተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ያገለግል ነበር። ማማኒ ጫካውን እንደ ቤቱ ያውቀዋል፤ ከኪና ዛፎች መካከል ብርቱ መድኃኒት ያለው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሌጀር ከምርጡ ዛፍ ዘር እንዲያመጣለት ላከው። ውርጭ አበባውን እየመታበት አራት ዓመት ያህል ጠበቀ። በመጨረሻ በ1865 ዘሩን ይዞ ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ጌታው ወደ ነበረበት ወደ ታክና ከተማ ደረሰ።

ሌጀር ዘሩን ወደ ሎንዶን ላከው። የእንግሊዝ መንግሥት አልፈለገውም። የሆላንድ መንግሥት ግን አንድ ፓውንድ ያህሉን በ100 ፍራንክ ገደማ ገዛና በጃቫ ደሴት አስተከለው። ከዚያች አንዲት ከረጢት የበቀሉት ዛፎች ቅርፊታቸው ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ እጥፍ የበለጠ ኪኒን ያለው ሆኖ ተገኘ። በ1930ዎቹ ከዓለም ኪኒን ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው ከጃቫ ይመጣ ነበር። ጃፓን በ1942 ጃቫን በያዘች ጊዜ በጦርነቱ ላይ የነበሩ መንግሥታት የወባ መድኃኒት አጥተው የተጨነቁት ስለዚህ ነው።

ማማኒስ ምን ሆነ? የቦሊቪያ ሹማምንት የአገራቸው ሀብት የሆነው ዘር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይከለክሉ ነበርና፥ ሌላ ጊዜ ዘር ሲሰበስብ በ1871 ያዙት። አሰሩት፤ ደበደቡት፤ ከእስር ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ሌጀርም ባለጸጋ አልሆነም፤ በስተርጅናው ከሆላንድ መንግሥት ትንሽ ጡረታ ተቈርጦለት በ1905 በአውስትራሊያ ሞተ። ምርጡ የኪና ዓይነት ግን በዕፅዋት መጻሕፍት በሌጀር ስም ይጠራል። ዛፉን ያወቀው፥ የጠበቀው፥ በመጨረሻም ሕይወቱን የከፈለበት ሰው ስም አልተሰጠውም።

ቃሉ ሲደርስ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን ወባና ንዳድ የጥንት ጠላቶች ናቸው። ደገኛው ወደ ቆላ መውረድን የሚፈራው፥ ከተቻለውም በቆላ ማደርን የሚሸሸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሲፈነዳ በየቆላው ትኩሳቱ ይነሣል። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ከባሕር ማዶ ከመጣው መድኃኒት ሁሉ ስሙ በሕዝቡ አፍ የገባው የወባው መድኃኒት መሆኑ አያስደንቅም። ለዚህ ምስክሩ ራሱ ቃሉ ነው። ሰው በጣም የሚያውቀውን ነገር ስም ለመሰሎቹ ሁሉ ይሰጣል። ያ መራራ እንክብል ኪኒን ከተባለ፥ ከእርሱ በኋላ የመጣው እንክብል ሁሉ ኪኒን ተባለ። ቃሉ ሦስተኛ ጊዜ ትርጉሙን የለወጠው በእኛ እጅ ነው።

ነገር ግን ቃል መድረሱና መድኃኒት መድረሱ አንድ አይደለም። በ1958 ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ፥ ዝናሙና ሙቀቱ ከወትሮው በበለጠበት ወራት፥ ወባ ከቆላ አልፎ ብዙም ወደማያውቀው ወደ ወይና ደጋውና ወደ ደጋው ጠርፍ ወጣ። በሽታውን ያልለመደው ሕዝብ አለቀ። በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ታሞ 150,000 የሚሆን ሰው ሞቷል። በዚያ ጊዜ የቅርፊቱ ኪኒን ነበረ፤ ክሎሮኪን የተባለውም አዲስ መድኃኒት ነበረ። የጐደለው መንገድ፥ የጤና ጣቢያና ሐኪም ነበረ። መድኃኒቱ ወዳልደረሰባቸው መንደሮች ስሙ ደርሶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1959 የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከዚህ መከራ በኋላ ነው። አያቶቻችን ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ የሚለው ለምን እንደ ሆነ አሁን ይገባናል።

ዛሬ የቅርፊቱ ኪኒን የወባ ዋና መድኃኒት መሆኑ ቀርቷል። ቱ ዩዩ የተባለች ቻይናዊት ሊቅ በ1972 ከአንድ የአገሯ ተክል ያገኘችው መድኃኒት ቦታውን ወስዷል፤ እርሷም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። የቅርፊቱ ኪኒን ለአንዳንድ በሽተኞች ብቻ ቀርቷል፤ ቶኒክ በተባለው ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው መራራ ጣዕምም የእርሱ ነው። ቃሉ ግን አላረጀም፤ በአገራችን በየዕለቱ ይነገራል።

ኮሶና ኪኒን

ይህን ታሪክ ስናጠና የራሳችን አንድ ነገር ትዝ አለን። የእኛም ተራሮች ለዓለም የሰጡት መራራ መድኃኒት አለ፤ እርሱም ኮሶ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን ገልጾ በአገሩ ሰው በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። ኋላ ሌሎች ሊቃውንት ሐገን በተባለ ጀርመናዊ ስም ጠሩት፤ ደግሞም ሌሎች ብራየር በተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ጠሩት። በ19ኛው መቶ ዓመት ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። በሦስት የአውሮፓ ሰዎች ስም ተጠራ፤ የአበባውን ጥቅም ያወቀው፥ ወቅጦና በጥብጦ ጠጥቶ ያስተማረው ባላገር ግን ስሙ የለም። የማማኒ ዕጣ የደረሰው በእርሱ ብቻ አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው። ደግነቱ «ኮሶ» የሚለው ቃል እንደ «ኪና» ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ገብቷል።

ዛሬ ሰው ኮሶ ሲታየው አበባውን አይጠጣም፤ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ «የኮሶ ኪኒን ስጡኝ» ይላል። በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ የሁለት ተራራማ አገር ሕዝቦች ይገናኛሉ፤ አንዱ ቃል ከእኛ ደጋ የተነሣ፥ ሌላው ከአንዴስ ደጋ የመጣ ነው። ጠያቂውም ሻጩም ይህን አያውቁም።

ከዚህ የምንማረው

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር ተምረናል። የመጀመሪያው ለቤታችን የሚጠቅም ነው። ኪኒን የሚለው ቃል ሁሉን መድኃኒት ስለሚያጠቃልል፥ ሐኪም «ምን መድኃኒት ወስደሃል?» ሲል «ኪኒን» ብሎ መመለስ ምንም እንዳልመለሱ ያህል ነው። ለወባ የተሰጠ፥ ለልብ የተሰጠ፥ ለራስ ምታት የተሰጠ ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራ አንዱ በሌላው ቦታ ሊዋጥ ይችላል። ስለዚህ በየቤታችን የመድኃኒቱን ልዩ ስም ማንበብና ለአባት ለእናታችን ማስረዳት የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስለ ውለታ ነው። የኬችዋ ቋንቋ ዛሬም በፔሩ፥ በቦሊቪያ፥ በኢኳዶርና በጎረቤቶቻቸው ከ7 እስከ 10 ሚሊዮን በሚደርሱ ሰዎች ይነገራል። ፔሩ በ1975 ኬችዋን የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ ተቀብላዋለች። የኪና ዛፍም ከ1825 ጀምሮ በፔሩ የመንግሥት ዓርማ ላይ ተስሎ ይገኛል። ሊጠፋ የተፈረደበት ቋንቋ አልጠፋም፤ በእኛም አፍ ውስጥ አንዲት ቃል አኑሯል።

እኛ ያን አገር አላየነውም፤ ከሕዝቡም ጋራ አልተነጋገርንም። ነገር ግን ከእንግዲህ በቤታችን «አንድ ኪኒን አምጡልኝ» ሲባል ስንሰማ ውርጭ እስኪያልፍ አራት ዓመት የጠበቀውን ማማኒን እናስበዋለን። መድኃኒት ሳይደርስላቸው ያለቁትን የራሳችንንም ወገኖች እናስባቸዋለን። በሚመጡት ዓመታት በዚህ መጽሔት ላይ የሚጽፉ ታናናሾቻችንም በየቤታቸው ከሚነገሩት ቃላት አንዳንዱን እየያዙ አገሩንና ባለቤቱን እንዲጠይቁልን አደራ እንላለን።